ወንበር ከተነሳ በኋላ የተለካ ሥራ

ታደለች ሰነፍ አልነበረችም። ከሁሉ በፊት ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ከሥራ ስትሰናበት «ልኩን መድረስ አቃታት» ተባለ፤ ወሬውም ከድርጅቱ ወጥቶ ቡሹሎ፣ ሰፈሯ ድረስ ሄደ። ያንን ቃል መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልኩ ግን የሐሰት ልክ ነበር። ሐሰት መሆኑንም ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ ልኩ ሲወጣ የተለካሁት እኔ ነበርኩና።

ብዙነሽ እባላለሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ነው። ልጆቼን ድሬ አሁን የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ፤ ነገሬን ግን አላንጋድድም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሰው ምንጣፍ ላይ ነው። የሆቴል አዳራሽ፣ የባንክ ቢሮ፣ የስብሰባ ክፍል፣ አንዳንዴም የመስጊድና የጸሎት ቤት ምንጣፍ አጥቤያለሁ። ሐዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት። ሰው ከየአገሩ ይመጣል፣ ይሰበሰባል፣ ምንጣፍ ላይ ለስላሳ ያፈሳል፣ ይሄዳል። እኛ የኖርነው እሱ ባፈሰሰው ለስላሳ ነው።

ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ አቶ ከማል ናቸው። ቤተሰባቸው በገበያው ውስጥ ምንጣፍ ይሸጥ ነበር። ከእነሱ የገዛ ሁሉ «አሁን ማን ያጥብልኝ?» እያለ ሲመለስ ጊዜ ማጠቢያ ማሽን አስመጡና ሠራተኛ ቀጠሩ። እኔ ያን ጊዜ በአንድ ሆቴል ልብስ አጥብ ነበር። ደመወዙ ከሆቴሉ ትንሽ ይሻል ስለነበር ሄድኩ። ለምን ሄድኩ ብዬ ግን ተቆጭቼ አላውቅም፤ ጋሽ ወልዴን ያገኘሁት እዚያ ነውና።

ጋሽ ወልዴ አዲስ አበባ በትልቅ ሆቴል ሠርተው የመጡ ሰው ነበሩ። ቀጭን ናቸው፣ አይጣደፉም፣ ሁልጊዜ ንጹሕ ነጭ ካልሲ ያደርጋሉ። አንድ አዳራሽ ስንገባ በር ላይ ጫማቸውን ያወልቁና ምንጣፉን በካልሲ ከዳር እስከ ዳር ይረግጡታል። መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት የሚጸልዩ መስሎኝ ዝም አልኩ። ለካ እየፈለጉ ነው። ለስላሳ የፈሰሰበት ቦታ ከደረቀ በኋላ ዓይን አያየውም፤ ካልሲ ግን ይይዘዋል። አሸዋ ያለበት ቦታ ይቆረቁራል። ካልሲያቸው የያዘበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ትንሽ ነጥብ ያደርጉበታል። ከዚያ በኋላ ነው «በሉ እንጀምር» የሚሉት።

ከእሳቸው የተማርኩትን ሁሉ ልጻፍ ብል አያልቅም። እድፍ አይፈተግም፤ በነጭ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል እየተጫነ ይነሳል። ጨርቁ ነጭ የሚሆነው ምንጣፉ ቀለሙን እየለቀቀ እንደሆነ ቶሎ እንዲታይ ነው። ሳሙናው መጀመሪያ ሰው በማያየው ጥግ ላይ ይሞከራል። ሥራ የሚጀመረው ከሩቁ ግድግዳ ሲሆን እየተመለሱ በበሩ ይወጣሉ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አጥብቀው አስተምረውኛል፤ ውሃ የመጨረሻው ነው። የእኛ አገር አፈር ቀላል ነው፣ ከጫማ ጋር ገብቶ ወደ ምንጣፉ ሥር ይሰርጋል። ወንበር ተነስቶ፣ አቧራው በማሽን በደንብ ተመጥጦ፣ እድፉ አንድ በአንድ ተነስቶ ካላለቀ በቀር ውሃ የነካው አፈር ጭቃ ነው የሚሆነው። ማጠቢያ ማሽን ይዞ መጓዙ ሰው የሚያየው ሥራ ነው። ድካሙ ያለው ከዚያ በፊት ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሥራ አልቆ ባለቤቱ ሊረከብ ሲመጣ ሁላችንንም ያሰልፉና ያስተዋውቁናል። «ወንበር ያነሳችው እሷ ናት፣ አቧራውን የመጠጠው እሱ ነው፣ እድፉን ያነሳችው ብዙነሽ ናት፣ እኔ ማሽን ይዣለሁ» ይላሉ። ሁልጊዜ ወንበር ካነሳው ሰው ጀምረው ራሳቸውን መጨረሻ ላይ ይጠራሉ። አቶ ከማል «ጋሽ ወልዴ ሥራ ሲያስረክብ ሚዜ የሚያስተዋውቅ ይመስላል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እኔም አንድ ቀን ለምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው። ጫማቸውን እያሰሩ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። «ካልጠራኋቸው እኮ አልነበሩም» አሉኝ።

እሳቸው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ካልሲውን ወረስኩ፣ ጠመኔውንም ወረስኩ። ስም መጥራቱን ግን ተውኩት። ሰው ፊት ማውራት ያሳፍረኛል የሚል ምክንያት ነበረኝ።

በድርጅቱ የታወቅሁት በጠብ ነው። ወንዶቹ ማሽን ብቻ ይዘው ሴቶቹ ወንበር ብቻ የሚሸከሙበትን ጊዜ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አንድ የሆቴል ኃላፊ ዕቃ ጠፋ ብሎ ከመሐላችን አንዷን ልጅ ብቻ ሊያስፈትሽ ሲል «የምትፈትሽ ከሆነ ሁላችንንም ፈትሽ፣ ራስህንም ጨምረህ» ብዬ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ሙኒራ የምትባል ቀልደኛ ጓደኛችን ነበረች፤ ገና ከሩቅ ስታየኝ «ዳኛዋ መጣች፣ ቁሙ» ትል ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ራሴን ዳኛ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።

ታደለች የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። የሲዳማ ልጅ ናት፣ ከቡሹሎ። ረጅም፣ ክንደ ብርቱ፣ ዝምተኛ ነበረች። አማርኛዋ ትንሽ ስለነበር የምትናገረው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ ስትናደድ ግን በቋንቋዋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ለብቻዋ ታጉረመርማለች። ሙኒራም «ምን አልሽን? ተርጉሚልን» እያለች ታስቃት ነበር። ወንበር ማንሳት ላይ የሚደርስባት አልነበረም። የአዳራሽ ወንበር ብረት ነው፤ እሷ ደራርባ በትከሻዋ ይዛ ትሄዳለች። ስትመልሰውም ከእያንዳንዱ እግር ሥር ቁራጭ ፌስታል ታደርጋለች፤ እርጥብ ምንጣፍ ላይ የቆመ ብረት ዝገቱን ያትማልና። ማንም አላዘዛትም፤ አንድ ቀን የዝገት ምልክት አየችና ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ታደርገው ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ከማል ሰበሰቡን። ትልልቅ ሆቴሎች ጨረታ ሲያወጡ በካሬ ሜትር ዋጋ ስጡን እያሉ ነው፤ አንድ ሠራተኛ በሰዓት ስንት ካሬ ሜትር እንደሚያጥብ ካላወቅን ዋጋ መስጠት አንችልም አሉ። ከዩኒቨርሲቲ አንድ ወጣት መምህር መጥቶ በሰዓትና በሜትር ሊለካን ነው። ባህል አዳራሽ በሚባለው ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይለካናል። እየሠራ የሚለካው ሰው ደግሞ እኔ እንድሆን ተመረጥኩ።

የተፈጠረውን ስህተት ሌላ አገር ሰው ይሠራው እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግን እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤት እንጠርጋለን። የተማረ ሰው ሊያየን እየመጣ አቧራችንን፣ ፍርፋሪያችንን፣ የተዝረከረከ ወንበራችንን እናሳየው? ገበናችንን? ማንም እንዲህ አድርጉ አላለንም። አቶ ከማልም አያውቁም። እኔው ነኝ ለሠራተኞቹ ማልደው እንዲመጡ የነገርኳቸው። ከቡሹሎ በማለዳ መጓጓዣ ስለማይገኝ ታደለች ከዋዜማው ሙኒራ ቤት አደረች። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ወንበር አብዛኛውን ያወጣችው እሷ ናት። ሌሎቹ አቧራውን መጠጡ፣ ሙኒራና እኔ እድፉን በጨርቅ አነሳን። መምህሩ ሲመጣ ምንጣፉ ባዶውን ተነጥፎ፣ እንደ ተበጠረ ፀጉር ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ነበር። ማጭበርበር አልመሰለኝም። እውነቴን ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሐሳቤም አልነበረም።

መምህሩ ጨዋ ልጅ ነበር። ሜትሩን ዘረጋ፣ ሰዓቱን አወጣና ከመጀመሩ በፊት ዙሪያውን አየ። «እትዬ፣ ሥራ ስትጀምሩ ክፍሉን ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የምታገኙት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልክ ነው የጠየቀው። ማንም ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው፤ ቤትሽ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ወይ ያለኝ መሰለኝ። «አዎ ጌታዬ፣ የእኛ ሥራ ሥርዓት አለው» አልኩት።

ታደለች የመጨረሻዎቹን ወንበሮች በትከሻዋ ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ፊቷ በላብ ርሷል። መምህሩ አያትና «እሷስ? እሷም ትለካለች?» አለ።

«እሷ እዚህ ሥራ ውስጥ የለችም» አልኩ።

ታደለች ሰማች። አማርኛዋ ትንሽ ቢሆንም ለዚህ የሚበቃ ነበራት። ወንበሩን ይዛ ወጣች። እኔ ማሽኑን አስነሳሁ። ሰው ያየኛል፣ አቶ ከማል ቆመዋል፣ ጉልበቴ ያን ጊዜ አልከዳኝም፤ ከሩቁ ግድግዳ ጀምሬ እንደ ውሃ ፈሰስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥቤ አላውቅም። ሲያልቅ መምህሩ አጨበጨበ። ቁጥሩንም ጻፈ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው አሁንም እውነት ይመስላል።

ያ ቁጥር የሁላችንም ልክ ሆነ። ልኩን ላለፈ ጉርሻ፣ ከልኩ በታች ለሆነ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ጀመር። እኔንም ተቆጣጣሪ አደረጉኝና ሰዓት ሰጡኝ። አዳራሹ ለየሰዉ በክፍል በክፍል ይደለደላል፤ ሁሉም የራሱን ወንበር ያነሳል፣ የራሱን አቧራ ይመጥጣል፣ የራሱን ያጥባል። ሰዓቱ የሚነሳው ሥራ በሚገባበት ሰዓት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ልኩን አልደረሰም። ቀጥሎ መድረስ ጀመሩ። እንዴት እንደደረሱ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም፤ ማልደው ይመጣሉ። ለድርጅቱ ጥበቃ ትንሽ ነገር እየሰጡ የማሽን ክፍሉን ያስከፍታሉ፣ አዳራሽ ሄደው ወንበራቸውን አንስተው፣ አቧራቸውን መጥጠው፣ ሰዓቱ ሲነሳ ማሽን ብቻ ይይዛሉ። ያንን ሁሉ ማለዳ የከፈላቸው የለም። ሙኒራ በሳቅ አድርጋ ነገረችኝ፤ «እትዬ፣ እኛ እኮ በነጻ እየሠራን ለክፍያው እንሮጣለን» አለች። እኔም ሳቅሁ። መምህሩ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ልኩ ከብዷቸው እንደሆነ ሲጠይቀኝ «እየደረሱበት ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም። ከውሸት ግን የባሰ ነበር።

ታደለች ማልዳ መምጣት አልቻለችም። ወልዳ ነበር፤ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፣ መንገዱም ሩቅ ነው። መጀመሪያ በተገኘው ባጃጅ ተሳፍራ ልክ በሰዓቱ ትደርሳለች። ስትገባ የሌላው ሁሉ ወንበር ተነስቷል፤ የእሷ ብቻ እንዳለ ቆሟል። እኔ ሰዓቱን ይዤ እቆማለሁ። እሷ ወንበር ታነሳለች፣ ሌሎች ያጥባሉ። እሷ አቧራ ትመጥጣለች፣ ሌሎች ይጨርሳሉ። ሁልጊዜ መጨረሻ ትሆናለች። እኔም በየቀኑ «ታደለች፣ ከልክ በታች» እላለሁ። ጮክ ብዬ ነው የምለው፤ ለማንም ላለማድላት። አንዷን ብምር ለሌላዋ ምን እመልሳለሁ እል ነበር። ይህን ፍትሕ ብዬ ስጠራው እፍረት አልተሰማኝም። አሁን ስጽፈው ነው የሚሰማኝ።

ማስጠንቀቂያ ከተሰጣት በኋላ አንድ ቀን ታደለች አድርጋ የማታውቀውን አደረገች። አቧራውን ሳትመጥጥ ውሃ ለቀቀች። ያን ቀን ልኩን ደረሰች፤ እኔም «ደረሰች» ብዬ ደስ አለኝ። ካልሲዬን አድርጌ ልረግጠው ይገባኝ ነበር። አልረገጥኩትም። ጊዜው ክረምት ነው፣ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ምንጣፍ አያደርቅም። በማግስቱ የሆቴሉ ሰው ደወለ። አዳራሹ ይሸታል፣ ምንጣፉም ላይ ቡናማ መስመር መስመር ወጥቶበታል። አፈሩ ሥር ላይ ጭቃ ሆኖ ውሃው ሲደርቅ ወደ ላይ ስቦት ወጥቷል። የታደለች ድርሻ ከሌላው ተለይቶ እንደ ካርታ ይታይ ነበር። ሠርግ ነበረባቸው፤ አዳራሽ ለመቀየር ተገደዱ። አቶ ከማል የዚያን ሆቴል ሥራ አጡ።

ቢሮ ጠሩን፤ እሷንና እኔን። አቶ ከማል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወደ እኔ ዞረው «ብዙነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልኩ ይከብዳል እንዴ?» አሉኝ። በሩን ከፍተውልኝ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያንን ቃል ብናገር ግን ያን ቀን የተጨበጨበልኝ ሥራ የእኔ ብቻ እንዳልነበረ መናገር ነው፤ እንግዳ ፊት የሠራሁት ቤት ጠርጎ መጠበቅ እንደነበረ መናገር ነው። «ለሁሉም አንድ ልክ ነው። ለአንዷ ብለን ብንቀይረው ፍትሕ አይሆንም» አልኩ።

ታደለች ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ወንበሩስ?» አለች።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። አማርኛዋ እዚያ ላይ ያለቀባት መሰለኝ። አሁን ሳስበው አላለቀባትም፤ የቀረው የእኔ ተራ ነበር። «ወንበር ሁሉም ሰው ያነሳል» አልኩ። በዚያው ቀን ሒሳቧን ተቀብላ ወጣች። ሙኒራ ከዚያ ቀን በኋላ ዳኛዋ ብላኝ አታውቅም።

ብዙ ዓመት ሠራሁ ከዚያም በኋላ። አቶ ከማል አረፉ፣ ልጃቸው ሚፍታ ተተካ። ታደለችን አንዳንዴ በገበያ አያታለሁ፤ ጎመን ይዛ ትመጣለች። ከሩቅ ካየኋት መንገድ እቀይራለሁ። ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ተገጣጥመን «ደኅና ነሽ?»፣ «ደኅና ነኝ፣ እርስዎ ደኅና?» ተባብለን አልፈናል። ጎመን ይግዙኝ ብላ አታውቅም። እኔም ገዝቻት አላውቅም።

በጡረታ ስወጣ ሚፍታ ድግስ አደረገልኝ። ጋቢ አለበሰኝ፣ ንግግርም አደረገ። አባቱ ስለ እኔ ይናገሩ የነበረውን ተናገረ፤ ከዚያም «እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ ሠራተኛ ስንቀጥር የምንለካው በእትዬ ብዙነሽ ልክ ነው» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። የልጅ ልጄ ከሁሉ በላይ አጨበጨበች። ከኋላዬ ሁለት አዳዲስ ልጃገረዶች ነበሩ፤ አንደኛዋ ለጓደኛዋ በሹክሹክታ «እኚህ ናቸው እንዴ? ጠዋት ጠዋት ስረግማቸው የኖርኩት እኚህን ነው?» ስትል ሰማኋት። ሁለተኛዋ «ዝም በይ፣ ይሰማሉ» አለቻት። አሁንም በማለዳ እየገቡ ነው ማለት ነው። ታደለች ከወጣች ጀምሮ ስንት ሰው ያንን ማለዳ በነጻ ሲሠራ ኖረ።

ሰኞ ዕለት ቢሮው ሄድኩ። ሚፍታ ወንበር አቅርቦልኝ «እማማ፣ ናፈቅንሽ እንዴ?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። የልኩን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ እንግዳ ይመጣል መባሉን፣ ወንበሩን፣ የመምህሩን ጥያቄ፣ መልሴን። ስጨርስ ያልገባውን ጠየቀኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ደረሱበት?»

«ጥበቃህን ጠይቀው» አልኩት።

ጠራውና ጠየቀው። ጥበቃው መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ቀጥሎ የማሽን ክፍሉን በማለዳ እንደሚከፍት አመነ። ሚፍታ መጀመሪያ አንገራገረ። አባቱ ያወጡትን ልክ ማፍረስ ከብዶት ይሆናል። በመጨረሻ ግን ሰዓቱ ሠራተኛው የአዳራሹን በር ሲያልፍ እንዲነሳ፣ ወንበርና አቧራም ከሥራው እንዲቆጠር፣ አዳራሹም እንዳለ ሆኖ እንደገና እንዲለካ አደርጋለሁ አለኝ። አደረገውም። አሁን ተቆጣጣሪዋ ሙኒራ ናት፤ ደውላ ነገረችኝ። ያን ዕለት ስለ ታደለች ሚፍታን ስጠይቀው ደግሞ «መመለስ ከፈለገች በሩ ክፍት ነው፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ግን እማማ፣ ይህንን ለእሷ መንገር የሚገባሽ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ሄድኩ። ቡሹሎ ስደርስ ታደለች ጓሮዋ ውስጥ ጎመን እየቆረጠች ታስር ነበር። ጎልምሳለች። ሥራዋን ሳትተው «ይግቡ እትዬ» አለችኝ። ቀጥላ ተነስታ በርጩማ አወጣችልኝ። እኔ ተቀመጥኩ፤ እሷ ከእኔ አልፋ ወደ መንገዱ አየች።

«ሰዎቹ የት ቀሩ?» አለች።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ሽማግሌዎቹ። እርስዎ እዚህ የሚመጡት ለዕርቅ ካልሆነ ለምን ይሆናል?»

ብቻዬን እንደመጣሁ ነገርኳት። ቀጥዬም የመጣሁበትን ነገርኳት፤ አንዱንም አላስቀረሁም። «እዚህ ሥራ ውስጥ የለችም» ያልኩትን ራሴው ደገምኩላት። ቢሮ ውስጥ ስትጠይቀኝ የመለስኩላትም ሐሰት እንደነበረ ነገርኳት። ልኩ እንደተቀየረ፣ አሁን የሚገቡት ልጆች በማለዳ እንደማይገቡ፣ ሚፍታም ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ እንደሚናገር፣ ብትፈልግ መመለስ እንደምትችል ነገርኳት። እሷ እየሰማችኝም እጇ አልቆመም፤ ጎመኑን በገመድ እያሰረች ከጎኗ ትደረድራለች።

«ልኩ መቀየሩ ጥሩ ነው» አለች። «እኔ አልመለስም። ሥራ አለኝ።»

አማርኛዋ አሁን ሙሉ ነው። ልጆቿ ትምህርት ቤት ገብተው ከእነሱ ጋር ተምራዋለች።

«የባለቤቴ እናት አብራን ትኖር ነበር» አለች ደግሞ። «ከከተማ ተባርራ የመጣች ሰነፍ ትለኝ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ ትለኛለች፣ ጸሎት ቤት ትለኛለች። ከእሷ በፊት ተነስቼ፣ ከእሷ በኋላ ተኝቼ፣ ይህን ጓሮ ሁሉ በእጄ ቆፍሬ፣ እስክትሞት ሰነፍ እንዳለችኝ ሞተች። እሷን ማን ይነግራታል?»

በሰው ፊት ያዋረድኩሽን በሰው ፊት እመልሳለሁ፣ እዚህ ጸሎት ቤታችሁም መጥቼ እናገራለሁ አልኳት። ይምጡ አለች፣ እሁድ ይምጡ። ከዚያ ከበርጩማው ተነሳሁና ጉልበቴ እንደቻለልኝ ጎንበስ ብዬ ይቅር በይኝ አልኳት። የእኔ ዕድሜ ያለው ሰው ጎንበስ ሲል ወጣቱ ደንግጦ ያነሳዋል፤ እሷም ተነስታ ክንዴን ይዛ ቀና አደረገችኝ። ይቅርታውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

«ለምን ብቻዎን መጡ?» አለችኝ፣ ክንዴን ሳትለቅ።

«እንዲያስገድዱሽ አልፈለግሁም» አልኳት። «የልብሽን እንድትነግሪኝ ነው።»

ክንዴን ለቀቀችኝ።

«ሽማግሌ ይዘው ቢመጡ እሺ እል ነበር» አለች። «በሽማግሌ ፊት እምቢ አይባልም። ብቻዎን ስለመጡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እምቢ፣ እትዬ።»